ወደ ውስጥ የሚሳብ አዎ

ያቺን ማሽን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት በእርግጫ ነው የምላት። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ካልረገጥኩ አይወጣልኝም፤ ሰዎቹን ደግሞ መርገጥ አይቻልም፣ ሁሉም ደጎች ነበሩ። ክፉ ሰው ቢያጋጥመኝ ኖሮ ተጣልቼ፣ ተሳድቤ፣ ሆዴን አቅልዬ እገላገል ነበር። ደግ ሰው ግን ትከሻህን መታ መታ እያደረገ ነው ከበር የሚያስወጣህ፤ አንተም እያመሰገንክ ትወጣለህ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሮተርዳም ውስጥ፣ ከወንዙ በስተደቡብ ባለ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ወርክሾፕ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ረዳት ማለት ላሜራ መቁረጥ፣ መሣሪያ ማደልና መረከብ፣ ወለል መጥረግ፣ የተሰበረውን መጠገን፣ ልጆቹ ጣታቸውን እንዳይቆርጡ ዓይን ሆኖ መዋል ነው። ልጆቹ የቱርክ፣ የሞሮኮ፣ የሱሪናም፣ የሆላንድም ነበሩ፤ ሁሉም ሜስተር ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው። አዲስ አበባ በርና መስኮት ስበይድ ማንም መምህር ብሎኝ አያውቅም። ደስ አላለኝም ብል ውሸቴን ነው።

ቅጥሩ ጊዜያዊ ነበር። ዳይሬክተሯ፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ የማይለያት ሴትዮ፣ ከሐምሌና ነሐሴ ዕረፍት በኋላ ቋሚ እናደርግሃለን ብላኝ ነበር። ቋሚ የምትለዋ ቃል ለሌላው ሰው የቤት ብድር ማለት ትሆናለች። ለእኔ ሚስቴና ልጄ ማለት ነበረች። የመኖሪያ ፈቃዴ በርኅራኄ የሚሰጠው ዓይነት ስለነበረ፣ ቤተሰብ ላምጣ ስትል መጀመሪያ ቋሚ ሥራህን አሳየን ይሉሃል። ባለቤቴ አዲስ አበባ እናቷ ቤት ተጠግታ ነው ያለችው። ልጄን ትቻት ስወጣ ገና መዳህ አልጀመረችም ነበር፤ አሁን ስልክ ላይ ወጥታ፣ "አባዬ፣ አንተ መቼ ነው የምትወስደን?" ትለኛለች። ቅርብ ነው እላታለሁ። አፌን ሞልቼ ነበር የምላት፣ ምክንያቱም ቅርብ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ነው ማሽኗ መታመም የጀመረችው። ሆላንዶቹ ፑንትላስ ይሏታል፤ በእኛ የነጥብ ብየዳ ማሽን ናት። ሁለት የመዳብ ክንዶች አሏት፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሁለት ላሜራ ደርበህ መሃላቸው ታስገባና ከታች ያለውን ፔዳል ትረግጣለህ። የላይኛው ክንድ ወርዶ ይነክሳል፣ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ላሜራዎቹ በዚያች በተነከሱባት ነጥብ ላይ ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። የብየዳ ዘንግ የለ፣ ጭስ የለ፣ የዓይን መሸፈኛ የለ። ልጆቹ ይወዷት ነበር። የዓመቱ ማጠቃለያ ሥራቸው ክዳን ያለው የመሣሪያ ሳጥን ነው፤ ያለ እሷ አይሠራም።

አንድ ቀን አንደኛው ሳጥኑን ጨርሶ ወደ ጠረጴዛ ሲያነሳው ታችኛው ተገንጥሎ ወለል ላይ ቀረ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሌላው የራሱን ሳብ ቢያደርገው እንደ ደረቀ ዳቦ ተቆረሰ። ሳቁ ቆመና ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ለነገሩ የተሰበረውን መጠገን የእኔ ሥራ ነው ብያለሁ።

የወርክሾፑ አስተማሪ ቀደም ብሎ መርከብ ሠሪዎች ዘንድ በያጅ የነበረ፣ ቁመቱ በር የሚያጎነብሰው፣ ትምባሆውን ራሱ የሚጠቀልል ሰው ነው። ሙያውን አንጀቱ ድረስ ያውቃል። አመሉ ግን ልብ ያወልቃል። የተበላሸ ነገር ሲፈልግ አንድ ነገር ይነካል፣ አንዲት ብቻ፤ ከዚያ ቁራጭ ላሜራ በይዶ፣ በብረት መቆንጠጫው በሞርሳ ላይ አስሮ፣ በመዶሻ ገንጥሎ ያያል። ካልሆነ የነካውን እንደነበረ ይመልስና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እኔ ያደግሁበት ጋራዥ እንዲህ አይደለም። እኛ አንዴ ከተከፈተ ብሎኑንም እናጠብቃለን፣ ሽቦውንም እንቀይራለን፣ ዘይትም ጠብ እናደርጋለን፤ ከዳነ ዳነ፣ ምን እንዳዳነው ፈጣሪ ይወቅ። ሁለታችን አንድ ማሽን ላይ ስንጎነበስ ማየት ያስቅ ነበር። እሱ እጄን እየያዘ "ቆይ፣ አንድ ብቻ" ይለኛል። ሲያናድደኝ ሰንብቶ በኋላ ግን እየገባኝ መጣ፤ እንዲያውም ወደድኩት። እንደዚህ ዓይነት ሰው ስለኔም አንድ በአንድ ይመረምራል ብዬ አስቤ እንደሆነ እንጃ።

መጀመሪያ የመዳቦቹን ጫፍ አየን። ሹል መሆን ሲገባቸው ከልጆቹ እርግጫ ብዛት ጠፍጥፈው እንጉዳይ መስለዋል። ጫፉ ሲሰፋ ኤሌክትሪኩ ይበተናል፣ ሙቀቱ አንድ ቦታ አይሰበሰብም። በሞረድ አስተካከልኳቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው። ጥሩ በየደች። ደስ ብሎን ቡና ልንጠጣ ሄድን፣ ስንመለስ እንደገና ሰነፈች። ከዚያ የላይኛው ክንድ በደንብ አይነክስ ይሆናል ብለን ስፕሪንጉን አጠበቅን፤ ምንም የለም፣ መለስነው። ቀጥሎ በክንዶቹ ውስጥ የሚያልፈውን የማቀዝቀዣ ውሃ አየን። ቱቦው በዝገት ጠቦ በቀጭኑ ነበር የሚያንጠባጥበው፣ አጠብነው። አሁንም ያው። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ስንት ቅጽበት እንደሚያልፍ የምትወስነውን መቆጣጠሪያ ከሌላ ትምህርት ቤት ተውሰን ቀየርን። ያው።

አንድ ነገር ግን አስተዋልን። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ትንሽ ሠርታ ሰውነቷ ሲሞቅ ነው የምትሰንፈው። ስለዚህ መሞቅ የማይገባው አንድ ቦታ እየሞቀ ኤሌክትሪኩን ይበላዋል ማለት ነው። አስተማሪው ትምባሆውን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ ሳይለኩሰው አፉ ላይ አድርጎ፣ እንለካለን አለ።

ልጆቹ ምሳ ወጥተው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን መቁረጫው ይጮኻል፣ መዶሻው ይጮኻል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ የዚያን ቀን ወርክሾፑ ጸጥ ብሏል። እሱ ከማሽኗ ጀርባ የብረት ክዳኗን ፈትቶ፣ ከግድግዳው የሚገባውን ከባድ መስመር በቴስተር ሊለካ ተንበረከከ። እኔ ከፊት ሆኜ የሌላ ቴስተር ሁለት ጫፎች በሁለት እጄ መዳቦቹ ላይ ይዤ ፔዳሉን እረግጣለሁ። ከፊት በኩል ያለው ኤሌክትሪክ ጉልበቱ ብዙ ቢሆንም ቮልቱ ትንሽ ነው፣ በባዶ እጅ ብትይዘው አይነዝርህም። ከጀርባው በኩል ያለው ግን ይገድላል። ስለዚህ ሳይነካኩ መነጋገር ያስፈልጋል፤ እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ጭንቅላቱ ማሽኗ ውስጥ ስለሆነ አያየኝም፣ እኔም አላየውም።

"ረገጥከው?" አለኝ።

ሐሳቤ የቴስተሩ ቁጥር ላይ ነበር። እንደማንኛችንም፣ እናቴ ስትጠራኝ እንደምመልሰው፣ ባለቤቴን እንደምመልሳት፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኩት።

ያቺን አዎ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ቃል የላትም። አፍ ከፈት ይልና ትንፋሽ ቁርጥ ብሎ ይገባል፣ አለቀ። ከሰው ጋር ፊት ለፊት ስሆን አብሬ ራሴን እነቀንቅ ስለነበረ፣ ወይም በሆላንድኛው አዎ፣ ያ እል ስለነበረ፣ እዚያ ቤት እስከዚያን ቀን ማንም ለብቻዋ ሰምቷት አያውቅም።

አስተማሪው ከማሽኗ ጀርባ እንዴት እንደወጣ አላየሁም። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዩን የአደጋ ማጥፊያ መታው፣ መብራቱ ሁሉ ድርግም አለ። ቀጥሎ የራሴን መጥረጊያ፣ በየቀኑ ወለል የምጠርግበትን፣ በሁለት እጁ አንስቶ በእንጨቱ ክንዴን አላጋው። በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው በእጅህ አትንካው፣ በእንጨት አላቀው ነው ትምህርቱ። ልክ ነው፣ የተማረውን ነው ያደረገው። እኔ ወደ ጎን ተወርውሬ ቅንድቤ የሞርሳው ጠርዝ ላይ አረፈና ተከፈተ። እላዬ ላይ ተደፍቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ትምባሆው ከንፈሩ ላይ ተጣብቆ፣ "ትተነፍሳለህ?" አለኝ።

እንግዲህ ምን ልበላችሁ። ደንግጫለሁ፣ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ ሆላንድኛው ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። መለስኩለት። በዚያችው በተረገመች ትንፋሽ። ሰውየው ጮኸ።

አምቡላንስ መጣ። ቅንድቤን ሰፉኝ፣ ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጥፈው ልቤን አዩት፣ ደህና ነህ አሉኝ። አስተማሪው ሆስፒታል ድረስ ተከትሎኝ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ነበር። ምንም አልነዘረኝም፣ አዎ ማለቴ ነው፣ በእኛ አገር እንዲህ ነው አልኩት። አዳመጠኝ። ከዚያ ስለመርከቡ ሥራ ነገረኝ፤ ወጣት ሳለ አብሮት የሚሠራ ጓደኛው እርጥብ ገመድ ይዞ ዓይኑ እያየ እንደሞተ፣ የመጨረሻ ድምፁም ያቺ ወደ ውስጥ የምትገባ ትንፋሽ እንደነበረች። አሳዘነኝ። ያኔ በማዘን ፋንታ ለራሴ መፍራት ነበረብኝ።

ደም ስለፈሰሰ ነገሩ ሥርዓት ይዞ መሄድ ነበረበት። ማሽኗ ላይ ቀይ ካርድ ተንጠለጠለባት፤ መርማሪ እስኪያያት ማንም አይነካትም። እኔም ለጊዜው ወርክሾፕ እንዳልገባ ተባልኩ፣ ቤት ዕረፍት። መርማሪው መጥቶ ሙሉ ቀን ፈተሻት። ጥፋቷን አገኘው፤ የላይኛውን ክንድ ከትራንስፎርመሩ ጋር የሚያያይዘው የመዳብ ጥልፍልፍ ብሎኑ ላልቶ ኖሯል። መጋጠሚያው በቃጠሎ ጠቁሯል፣ የሚሞቀው እሱ ነበር። ፈታው፣ አጸዳው፣ አጠበቀው። ልጆቹ ሳጥናቸውን በየዱ። ደግሞም ኤሌክትሪክ ወደ አካሏ እንደማታፈስ፣ ከፊት በኩል የቆመን ሰው ልትነዝር እንደማትችል አረጋገጠ።

እሰይ አልኩ። ማሽኗ ነጻ ከሆነች እኔም እውነተኛ ነኝ። አልነዘረኝም ብያለሁ፣ ይኸው አልነዘረችም። ልብሴን ተኩሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ ነው ዳይሬክተሯ ጠርታኝ የሄድኩት።

አስተማሪውም ነበረ። ሴትዮዋ ሻይ ቀዳችልኝ። ማሽኗ ጤነኛ ናት አለችኝ፤ አዎ አልኩ፣ ያ ብዬ። እንግዲያው ኤሌክትሪክ ካልያዘህ ምን ሆነህ ነው እንደዚያ የሆንከው አለችኝ። ያኔ ነው ነገሩ የዞረብኝ። እኔ የማሽኗ ነጻ መውጣት እኔንም የሚያወጣ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ዘንድ ግን ጥፋቱ ከማሽኗ ላይ ተነስቶ ማረፊያ አጥቷል፣ ቀጥሎ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ በአንድ ነው አይደል የሚፈለገው? ጫፉን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ ብሎኑን አዩ፣ አሁን ተራው የኔ ሆነ።

አዎ ማለቴ ነው አልኩ። በእኛ አገር ሕፃን ሽማግሌው እንዲህ ነው የሚል አልኩ። እስቲ አሳየን አለችኝ፣ በደግነት። ሁለቱም አፌን ያያሉ። ያቺ ነገር ደግሞ በትእዛዝ አትወጣም! ሰው ሲጠይቅህ ሳታስበው የምትመጣ ናት እንጂ፣ ና ሳባት ሲሉህ የት ታገኛታለህ? አፌን ከፍቼ ትንፋሽ ሳብኩ፤ የሆነች የታመመች፣ ሐሰተኛ ነገር ሆነች። ራሴ ሰምቼ ራሴን አላመንኩትም። ሴትዮዋ አስተማሪውን አየችው።

እሱ ወለሉን አየ። ከዚያ፣ "ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አልሳሳትም" አለ። አልዋሸም። እንዲዋሽልኝ ግን እንዴት ተመኘሁ።

ማንም አይወቅስህም አለች ዳይሬክተሯ። የመጣህበትን አገር እናውቃለን፣ ብዙ አይተሃል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ያነጋግርህ። ሻዩን አመስግኜ ጠጣሁ።

ሐኪሙ ዴንሃግ ከተማ ነበር ቢሮው፣ በባቡር ሄድኩ። ለስላሳ ሰው ነው፣ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ አለኝ። ይወስደኛል፤ ጎረቤቶቼን ጠይቁ፣ ማንኮራፋቴ ግድግዳ ያልፋል። መለስኩለት። ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። አገርህ ሳለህ ታስረህ ታውቃለህ አለኝ። ለጥቂት ቀን ታስሬ ነበር፣ በዚያ ዘመን ቀበሌ ያላሰረው ጎረምሳ ማን አለ? መለስኩለት። ቤተሰብህን ትናፍቃለህ አለኝ። እሱንም መለስኩለት። እስክሪብቶው ሲፋጠን አይቼ ነው የነቃሁት። ሦስቱንም የመለስኩት ወደ ውስጥ ነው! ሲፈልጓት የጠፋችው አዎ፣ ሳልጠራት ሦስቴ መጣች፣ እንዲህ ጥርት ብላ።

ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ "ያ!" እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። ውሃ ትፈልጋለህ? ያ! መስኮት ልክፈት? ያ! ሰውየው ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ። አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ከሞት የተረፈ ሰው መስዬ መሆን አለበት። አብራራሁለት ደግሞ፣ ያው የባህል ነገር ነው ብዬ። ገባኝ ገባኝ አለኝ፤ እንደገባው ሰው ሳይሆን፣ ለበሽተኛ እንደሚባለው ገባኝ።

ውሳኔው አጭር ነበር። ለድንጋጤ የተጋለጠ ስለሆነ ለጊዜው ማሽን ያለበት ቦታ ባይሠራ ይመረጣል። ዳይሬክተሯ ራሷ ጠርታ ነገረችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "ለአንተው ብለን ነው" አለችኝ። ማሽን የሌለበት ወርክሾፕ የለም፣ ስለዚህ ቋሚ የሚባል ነገርም የለም። ዕቃዬን ልወስድ ስገባ ልጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ። አንዱ አየኝና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ፣ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ወርክሾፑ ሙሉ በአዎ ተሞላ። አጥርተው ነበር የሚሉት፣ ከእኔ ይልቅ። አስተማሪው ዝም በሉ ብሎ ጮኸባቸው። ማሽኗ ቀይ ካርዷ ተነስቶላት ጥግ ላይ ላሜራ ትነክሳለች። እሷን መርምረው፣ ብሎኗን አጥብቀው ወደ ሥራዋ መለሷት፤ እኔን መርምረው አንድ የላላ ነገር ሳያገኙ አባረሩኝ።

ለባለቤቴ ልነግራት ስልክ ወደሚያስደውሉት ሱቅ ሄድኩ። በእንጨት ከተከለለችው ክፍል ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሥራው እንደቀረ፣ ሌላ እስካገኝ መምጣታቸው እንደሚቆይ። አላለቀሰችም። ልጅቷ አጠገቧ እንዳለች ሰማሁ። "እየጠየቀችኝ ነው። አሁንም ይወስደናል ልበላት?" አለችኝ።

መለስኩላት። ያለ ምንም ማመንታት፣ ከልቤ ነው የመለስኩላት፣ በትንፋሼ። ስልኩ ግን ያን ጊዜ ቃልን እንኳ ግማሹን ነበር የሚያደርሰው፤ ትንፋሽማ የት ይደርሳል? "ሃሎ? ሃሎ?" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ምነው ዝም አልክ?" አለችኝ።

"አዎ አልኩሽ እኮ!"

"አልሰማሁም" አለች። አሁን ሰማሽ አልኳት፣ እሺ አለች። ግን የሰማችው ዝምታውን ነው። ያመነችውም እሱን ነው፣ አውቃታለሁ።

አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት የሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ። ጋሼ ነው የምላቸው። የቤታቸው ቧንቧ ሲበላሽ እየጠገንኩላቸው ነው የተዛመድነው። ታሪኩን ስነግራቸው ሳቁ፣ ከዚያ ፊቴን አይተው አፈሩ። እሳቸውም ሆስፒታል ጽዳት ሲሠሩ ነርሶቹ አንድ ነገር በጠየቋቸው ቁጥር ልባቸውን ሊያዳምጡ ይሮጡ እንደነበር አጫወቱኝ። ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ አልኳቸው።

"ተውኳት። ልጄ፣ እዚህ አገር አዎ ወደ ውጭ ነው" አሉኝ።

እሳቸው ዘንድ እየሄድኩ ተለማመድኩ። ይጠይቁኛል፣ ያ እላለሁ። ያቺ ትንፋሽ ስትመጣብኝ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠፍ ያደርጋሉ። ትራም ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ያ፣ ያ እላለሁ፤ ሰው ይሸሸኛል። በሆላንድኛ ብቻ ልተዋት ብዬ ሞከርኩ፣ አይሆንም፤ አፍ አንድ ነው። በአማርኛም አዎን በቃል ማለት ጀመርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንኳ፣ እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ። ቢዘባበቱብኝም አልተውኩም። ዛንዳም የምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ የብስኩት ካርቶን እየደረደርኩ፣ አለቃዬ የጠየቀኝን ሁሉ ያ እያልኩ፣ አንድም ሰው ሳላስደነግጥ ከረምኩ። ቋሚ አደረጉኝ። ጊዜ ወሰደ እንጂ አደረጉኝ።

ደውዬ ስነግራት ባለቤቴ ለረዥም ጊዜ አልተናገረችም። መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ብዬ ሃሎ ሃሎ ያልኩት በተራዬ እኔ ነበርኩ። "ልጅቷን ውሰዳት፣ ትማርልህ። እኔን ተወኝ" አለችኝ በመጨረሻ። ሌላ ሰው እንዳለ ከአነጋገሯ ገባኝ፤ አልጠየቅኋትም። ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ይወስደናል ልበላት ብላ ጠይቃ ዝምታ የተመለሰላት ሴት ናት። ያኔ ትንፋሼ ግማሹ እንኳ ቢደርስ ኖሮ፣ ያኔ ያቺ ብሎን በማለዳ ተገኝታ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን በላሁ። ዛሬም እበላለሁ።

ልጄ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ መጣች። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የአየር መንገዱ ሠራተኛ እጇን ይዛ አወጣቻት። አንገቷ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል፣ ቀይ ሹራብ ለብሳለች፣ ዓይኗ የእናቷ ነው። ተንበረከክሁ። በፎቶ ብቻ ነው የምታውቀኝ፤ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ አየችው። "አወቅሽኝ?" አልኳት።

ልጄ አፏን ከፈት አድርጋ ትንፋሽዋን ቁርጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች።

በድንጋጤ ዘለልኩ። ሁለት ትከሻዋን ይዤ፣ ምን ሆንሽ፣ የት ነው ያመመሽ፣ ማነው የነካሽ እያልኩ ጮኽኩ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ። ሠራተኛዋ ሮጣ መጣች። ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ትኩር ብላ አየችኝ። በስልክ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚነገረው ቃሉን ረጋ አድርጋ፣

"አዎ እኮ ነው ያልኩዎት" አለችኝ።